ሳሎን ውስጥ የተተከለ ድንኳን

ታንጉት ልጇን «አትሄጂም» አላለቻትም። አትሄጂም የምትል እናት ክፉ ትባላለች፤ ታንጉት ደግሞ ክፉ መባል አትወድም።

«ሂጂ» አለቻት። «ድንኳኑን ግን እኔው እሰፋልሻለሁ። ሲያልቅ ውሃ እናፈስበታለን። አንዲት ጠብታ ከገባች ትቀሪያለሽ።»

አርሴማ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ከጣርማ በር ተነሥታ በእግሯ አንኮበር ልትገባ፣ በመንገድም ሁለት ሌሊት ገደል አፋፍ ላይ ልታድር አስባለች። በጀርባ የሚታዘል ድንኳን ደብረ ብርሃን ውስጥ ፈልጋ አጣች፤ በቤት የሚሰፋበትን ዘዴ ግን ስልኳ ላይ አገኘች። የእናቷን ቃል ስትሰማ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

ታንጉት የተማመነችው በውሃው ነው። በቤት የተሰፋ ድንኳን ማፍሰሱ አይቀርም፤ ባለሙያ የመታው ቆርቆሮ እንኳ ያፈስ የለ! ያን ጊዜ ልጅቷን ያስቀራት ውሃው እንጂ እናቷ አትሆንም።

አርሴማ ልኩን በትልልቁ ጻፈችላት፤ ታንጉት የጎልማሶች ትምህርት የጀመረችው አምና ነው። በጣቷ እየተከተለች አነበበችና «ከፍታ፣ አንድ ሜትር ከአሥር» ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ሰው ነው ዶሮ የሚያድርበት?»

«እማዬ፣ ከፍ ካለ ነፋስ ይጥለዋል።»

«ነፋስ የማይጥለውማ ቤትሽ ነበር።»

ስሱ ናይለን ከስፌት መኪናው ሥር ሸርተት እያለ አስቸገራት። ልቧ አንዱን ስፌት ላላ አድርጊው ይላታል። እጇ ግን እንቢ አለ። ሃያ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ፣ ተተረተረ ብሎ የመለሰላት ወላጅ የለም። የጣራውን መጋጠሚያ አንድ ጊዜ አላልታ ሰፋችው። አየችው፤ አፈረች፤ ፈትታ እንደገና ደርባ ሰፋችው። በዚያ ላይ ስፌቱን ሁሉ በጧፍ ሰም አሸችው።

የሙከራው ቀን ደረሰ።

«ግቢ እንትከለው» አለች አርሴማ።

«በደኅና ሰው ግቢ ድንኳን? ዕድርተኛው ወንበር ተሸክሞ እንዲመጣ ነው?»

ስለዚህ ሳሎን ተተከለ። ሶፋው ወደ ጓዳ ተገፋ፤ ገመዶቹ ከመስኮቱ ብረትና ከቡፌው እግር ጋር ታሰሩ። አርሴማ ገብታ ዚፑን ዘጋች። ታንጉት ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ ወንበር ላይ ወጣች።

ይኼኔ ጎረቤቷ አስካለ ወንፊት ልትዋስ ገባች። ድንኳኑን አየች።

«በሞትኩት! ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም።»

«አርሴማስ የት አለች?»

«እውስጥ ናት።»

«ወይኔ አርሴማን! ወይኔ ልጄን!» አስካለ ደረቷን መታች።

«እትዬ አስካለ፣ ደኅና ነኝ» አለ ድንኳኑ። «ገና ውሃም አልነካኝ።»

አስካለ ነገሩ ሲገባት እንባዋን ጠርጋ ምስክር ሆነች። ከምስክርም አለፈች። ታንጉት ከላይ ስታፈስ፣ እሷ «የአንኮበር ዝናብ ከጎን ነው የሚመጣው፣ የኔ እመቤት!» እያለች ከጎን በጆግ ትረጫለች። ምንጣፉ ራሰ፤ ቡፌው ራሰ፤ ሁለቱ ሴቶች እስከ ክርናቸው በሰበሱ።

ታንጉት ተንበርክካ ገባች። ስፌቱን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ደረቅ ነው። መጀመሪያ ኩራት መጣባት፤ ወዲያው ፍርሃት ተከተለው።

ጠብ አለ።

አንዲት ጠብታ አርሴማ ጉልበት አጠገብ ወለሉ ላይ አረፈች። ሁለቱም አዩዋት። ታንጉት ከየት እንደወረደች ታውቃለች፤ ከራሷ እጅጌ ነው። አርሴማ ግን አላወቀችም። ፊቷ ጠቆረ፤ ቃል ቃል ነውና አልተከራከረችም።

ልጅቷን ለማስቀረት ታንጉትን ዝም ማለት ብቻ ይበቃት ነበር።

«ምነው ድምፃችሁ ጠፋ? አፈሰሰ እንዴ?» አለች አስካለ ከውጭ። «እኔስ ጠርጥሬ ነበር። ድንኳን እንደ ዩኒፎርም መሰላት! ድንኳን እኮ ሙያ ይጠይቃል።»

«ማን አፈሰሰ አለሽ?» ታንጉት ጮኸች። «ከእጅጌዬ ነው! የኔ ስፌት አያፈስም!»

አርሴማ እናቷን ጉንጯ ላይ ሳመቻትና እየዳኸች ወጣች። ታንጉት የተናገረችው ነገር ገና ያን ጊዜ ገባት።

«ሁለት ሌሊት ነው ያልሽኝ?» አለች ቀስ ብላ።

አርሴማ ለመጠቅለል ቸኩላ ገመዱን ከቡፌው እግር እየፈታች ነበር። ናይለኑ ተልፈስፍሶ የእናቷ ራስ ላይ ወረደ። ከውስጥ በኩል ደረቅ ነበር።