የዶኛ ኦቲልያ ሽቦ

ለልምምድ ስስ ጎማ የሚገጥም ብስክሌተኛ ያናድደኛል። ለአንድ የውድድር ቀን የተሠራውን ጎማ በእኛ በቦያካ ተራሮች ዓመቱን ሙሉ ይነዳበታል፤ ሲበሳበት ደግሞ ብስክሌት መጠገኛ ሱቄ መጥቶ መንገዱን ይረግማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ስንቱን መከርኩ! ሰሚ የለም።

ሉስ ዳሪም ከእነዚያ አንዷ ነበረች። ዳገት ላይ ወንዶቹን አስከትላ የምትወጣ ኮረዳ። ባለፈው ሚያዝያ መስቀል ከቆመበት ከተራራው ጫፍ ቁልቁል ስትወርድ፣ ከፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ የወደቀ ቀጭን ሽቦ የፊት ጎማዋን በሳውና መታጠፊያው ላይ ተከሰከሰች። የአንገቷ ሥር አጥንት ተሰበረ። አጥንቱስ ገጠመ። እናቷ ዶኛ ኦቲልያ ግን «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ብስክሌት የሚባል ነገር የለም!» አሉ፤ ልጅቱም አልተከራከረችም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ዝምታዋ ነው።

ስለዚህ አንድ ማለዳ እናትና ልጅ አብረው ሱቄ ሲገቡ ደነገጥኩ። ዶኛ ኦቲልያ ሩዋና ከሚባለው የሱፍ ካባቸው ሥር እጃቸውን አውጥተው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ፈቱ። ያው ሽቦ ነበር፤ አስቀምጠውት ኖሯል።

«ዶን ኤቬልዮ፣ ይህቺ ልጅ መስኮት ሥር ተጎልታ መንገድ ስታይ ነው የምትውለው። ምግብ የላት፣ ሳቅ የላት። አንጀቴን በላችው። እስቲ ይሄ ሽቦ የማይበሳውን ጎማ ያሳዩኝ። ካገኘሁ ትንዳ፤ ካጣሁ ብስክሌቱን ዛሬውኑ እሸጠዋለሁ።»

የመጀመሪያውን ጎማ አቀበልኳቸው። አመሰገኑና ሽቦውን ሰኩበት።

«ኧረ በድንግል! ዕቃዬን!» ብዬ ጮህኩ።

«ለእኔ ልጅ ያልሆነውን ለሰው ልጅ ሊሸጡት ነበር?»

ሁለተኛውንም በሱት። ሦስተኛው፣ ወፍራሙ፣ ሽቦውን አላስገባም አለ። ፊታቸው በራ።

«ይሄው! እሱን ይስጡኝ።»

«ይሄንንስ አልሸጥልዎትም።»

«ምን ሆነው ነው?»

«ላስቲኩ ድርቅ ያለ ነው። ሜዳ ለሜዳ ለሚመላለስ ሰው ይሆናል። እዚህ ግን ዝናብ የማይጥልበት ቀን አለ?» ደጃፌ ድንጋይ ላይ ውሃ ደፋሁና ጎማውን ተጭኜ ገፋሁት፤ ሸርተት አለ። «ሽቦው የማራትን እርጥብ መታጠፊያ ይጥላታል።»

ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ አወረድኩ። ከላስቲኩ ሥር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ጠንካራ ጨርቅ የተነጠፈበት፣ ላዩ ግን ለስለስ ያለ። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ገፋሁት፤ ቆንጥጦ ያዘ። ዶኛ ኦቲልያ ጥርሳቸውን ነክሰው ሽቦውን ገፉት፤ ላስቲኩን አለፈና ጨርቁ ላይ ቆመ።

ሉስ ዳሪ ጎማውን በእጇ መዘነችው። «እማዬ፣ በዚህማ ዳገት ላይ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ይቀድሙኛል።»

«ይቅደሙሽ! መጨረሻም ቢሆን ግቢ፣ ብቻ በደህና ግቢ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። «ዶኛ ኦቲልያ፣ ይሄ እንደ ሌሎቹ ቶሎ አይበሳም። ጭራሽ የማይበሳ ጎማ ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም።»

ሽቦውን ትኩር ብለው አዩት። ልጅቱ እናቷን ታያለች፣ እኔ ልጅቱን። በገዛ አፌ አበላሸሁባት ብዬ ልቤ ተቃጠለ።

«ሽቦውን ከመንገዱ ላይ የሚያነሳው ማነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ማንም።»

ሽቦውን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት። «ይግጠሙላት።»

ቅዳሜ እንደ ልማዴ መለዋወጫ ይዤ በሞተር ብስክሌቴ ለልምምድ የወጡትን ብስክሌተኛ ልጆች ተከተልኩ። ሉስ ዳሪ እንዳለችው ከኋላ ቀረች።

«ድንች ጭነሻል እንዴ?» አላት ዊልመር የሚባለው ቀልደኛ ሲያልፋት።

«አዎ፣ ያንተን ምሳ ነው!»

ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ጫፉ ላይ ግን ሌሎቹ ቁልቁል ሲወረወሩ እሷ መስቀሉ ሥር ቆመች። ከንፈሯ ነጥቷል።

«ዶን ኤቬልዮ፣ ጣቶቼ ፍሬኑን አልለቅም አሉኝ።»

«ቀስ እያልሽ ውረጂ፤ እኔ ከኋላሽ ነኝ።»

ፍሬኑን እያስጮኸች ወረደች። ያ መታጠፊያ ሲታየን አንዲት ሩዋና የለበሱ ሴት አጎንብሰው የመንገዱን ዳር ይጠርጋሉ። አጠገባቸው ባልዲ አለ፤ ሽቦና የጠርሙስ ስባሪ ሞልቶታል። አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ቢነፋባቸው በመጥረጊያው አስፈራሩት። ልጃቸው ቁልቁለት ስትወርድ ላለማየት በውድድር ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚደበቁት ዶኛ ኦቲልያ ናቸው!

ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸውን አላዞሩም።

«ፍሬኑን ልቀቂው፣ ልጄ! ጠርጌዋለሁ!»

የፍሬኑ ጩኸት ቆመ። ሉስ ዳሪ ጎንበስ አለችና መታጠፊያውን አልፋ ቁልቁል ተፈተለከች። እኔም ልደርስባት አልሞከርኩም፤ ሞተሬን አቁሜ ባልዲውን ያዝኩላቸው።