ቀላል ቦርሳ

«አባዬ፣ ለተራራ ጉዞዬ ቀላል ቦርሳ ስፋልኝ» ማለቷ ነበር ጥፋቷ። ልብስ ሰፊው አባቷ ቱግ አለ።

«ቀላል ከሆነማ ራስሽ ስፊያ!»

እሷ ያለችው ክብደቱን ነው፤ እሱ ግን ሙያውን የናቀችበት መሰለው። እልኸኝነት ደግሞ የዘር ነውና፣ ሳትለማመጠው አሮጌ ድንኳን ቆርጣ የስፌት መኪናው ላይ ተሰየመች። ስሱ ጨርቅ ከመርፌው ስር እየተንሸራተተ አበሳዋን አሳያት። ማንገቻውን ስትሰፋ ስትፈታ ዋለች። አባትየው መቀስ የሚፈልግ መስሎ ብቅ ጥልቅ ይላል። በመጨረሻ አላስችል ቢለው፣ «ጫፉን አጥፈሽ ድገሚው» ብሎ ሹክ አላት። አጥፋ ደገመችው፤ ያዘ።

ያለቀውን ቦርሳ በትንሿ ጣቱ አንጠልጥሎ አገላብጦ አየው።

«እውነትሽን ነው፤ ቦርሳው ቀላል ነው» አለ። «አንቺ ግን ቀላል አይደለሽም።»