የአባት አረማመድ

የልጁ ሥራ በኮምፒውተር ሰው ማስኬድ ነው። ወታደሩም፣ ሌባውም፣ ዘበኛውም፣ ጌም ውስጥ ውር ውር የሚል ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። አንድ ሰው ሴንሰር የተሰፋበትን ጥቁር ልብስ ለብሶ ቢሮው ውስጥ ሲራመድ፣ አረማመዱ እንዳለ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል።

ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር አባቱ ይህን ሲሰሙ ጓጉ።

"እኔንስ መቼ ነው የምታስገባኝ?" አሉት በስልክ። "እግሬ ፍሬን ሲረግጥ ያረጀ ነው፤ ጌምህ እንዳይቆምብህ ብቻ!"

"በሚቀጥለው ሳምንት አባዬ፣ ሥራው ፋታ ይስጠኝ።"

ያ ሳምንት ሰባት ወር ተጎተተ። ልብሱ ቢሮው ውስጥ ተሰቅሎ፣ የወላጆቹ ቤት በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ሆኖ፣ ሰውዬው ጊዜ አጣሁ ይላል! በስምንተኛው ወር አባቱ በተኙበት አረፉ።

ጸጸቱ አንገበገበው። ለእናቱ ስል ብሎ ቤታቸውን ከነኮሪደሩ፣ ከተላጠው የበር ቀለም ጭምር ኮምፒውተር ላይ ሠራው። የአባቱን ፊትና ሹራብ ከፎቶ አገኘ። አረማመዳቸውን ግን ከየት ያምጣ? ያሉት ቪዲዮዎች በሙሉ ተቀምጠው የተነሷቸው ናቸው። ቢቸግረው ልብሱን ራሱ ለበሰና ትከሻውን ጣል፣ ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ ተራመደ። ማን ይለየዋል ብሎ ነው።

እሁድ ከሰዓት ላፕቶፑን ይዞ እናቱ ዘንድ ሄደ።

"ይቺን ስትጫኚ በሩ ይከፈታል፣ እማዬ።"

እናቱ ተጫኑ። አባትየው ገቡ፤ በኮሪደሩ አልፈው ወደ እሳቸው መጡ። እናቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ በሩን ዘግተው እንደገና ከፈቱ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

"ይሄ አባትህ አይደለም" አሉ።

"ፊቱ እኮ..."

"ፊቱንማ አየሁት። አባትህ ቤቱ ሲገባ መቸኮል አያውቅም። ይሄ ገና ሳይገባ ለመውጣት የሚጣደፍ ነው። አንተ ነህ።"

ልጁ አቀረቀረ።

"ቅረጸኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር እማዬ። ነገ ዛሬ እያልኩ..." እንባው ቀደመው። "አጠፋዋለሁ" ብሎ እጁን ወደ ላፕቶፑ ሰደደ።

እናቱ እጁን ያዙት።

"ተወው፣ አታጥፋው" አሉ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። "ይሄኛው ልጄ እንኳ በሩን በከፈትኩ ቁጥር ይመጣል።"