ላልቶ የሚነበብ

በአንድ ጣሪያ ስር እየኖረች፣ ከአንድ ድስት እየበላች፣ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ሳትሰማ ቀረች?

አሮጊቷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደግማ አነበበችው። ከደብተር ላይ የተገነጠለ፣ ጠርዙ የተበጫጨቀ ወረቀት ነው። ጠዋት ባልና ሚስቱ ወደየሥራቸው ከወጡ በኋላ በበሩ ስር ገብቶ አገኘችው። «ልጅቷ ትመታለች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ይሰማናል። እርሶ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ዝም አይበሉ። ጎረቤት።» ይላል።

መጀመሪያ የታያት ስህተቱ ነበር። «እርሶ»! እርስዎ ብሎ መጻፍ ያቃተው ሰው ነው እንግዲህ ምክር የሚለግሳት። እሷ በተማረችበት ጊዜ፣ ስድስተኛ ክፍል መድረስ ወግ ማዕረግ በነበረበት ዘመን፣ እንዲህ ብሎ የጻፈ ልጅ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሃምሳ ጊዜ ይጽፋት ነበር። ስህተቱን ንቃ ከጨረሰች በኋላ ነው ነገሩ የደረሳት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ልጅቱ የልጅ ልጇ ናት። እናቷ ስትሞትባት የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገቻትም፣ ያስተማረቻትም፣ የዳረቻትም እሷ ናት። አሁን ክሊኒክ ውስጥ ደም ትቀዳለች። ሕመምተኞች «እጇ ቀላል ነው፣ መርፌው መግባቱ እንኳ አይታወቅም» እያሉ ሌላው ክፍል ባዶ እያለ የእሷን ወረፋ ይጠብቃሉ። እና ይህችን ልጅ ነው ያ ፍሪጅ ጠጋኝ የሚደበድባት?

ሰፈሩ ባልየውን «ፍሪጁ» ይለዋል። ፍሪጅ ስለሚጠግን ብቻ አይደለም። ጥግ ይዞ ዝም ይላል፣ አልፎ አልፎ ጉሮሮውን ያንጎራጉርና ተመልሶ ዝም ይላል። አሮጊቷ ገና ሽማግሌ የላከ ዕለት ነው የናቀችው፤ ሰው ሲያናግረው የገዛ ጫማውን የሚያይ ወንድ ምን ይረባል ብላ። ሦስት ዓመት አብራው ስትኖር ግን እጁን ያነሳል ብላ አስባ አታውቅም። እጅ ለማንሳትም ቢሆን ወኔ ይጠይቃል ባይ ነበረች።

እርግጥ ነው አንደኛው ጆሮዋ ከባድ ነው። ክፍሏም ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። ደህናውን ጆሮዋን ትራሱ ላይ ደፍታ መተኛት የጀመረችው መቼ እንደሆነ ግን ራሷን ጠይቃ አታውቅም፤ ያን ዕለት ጠዋትም አልጠየቀችም። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ሰፈሩ ከከተማው ዳር የተደረደረ የመኖሪያ መንደር ነው። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ ስለሆኑ አንዱ ቤት ሲያስነጥስ ሌላው ቤት «ይማርህ» ይላል። እዚህ ሰፈር ምክር እንደ አቧራ ነው፣ መስኮት ቢዘጉበትም ይገባል። ጡረታ የወጣው ሾፌር የቆሻሻ በርሜል በየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ ይመክራል። ሰብሳቢዋ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ማለት ነው፣ የድሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናትና የሰው ልብስ በገመድ ላይ እንዴት እንደሚሰጣ ሳይቀር መመሪያ ታወጣለች። ፋርማሲስቱ ደግሞ ጨው ቀንሱ ይላል፤ እሱ ራሱ ሆዱ ከባንኮኒው ቀድሞ ደንበኛ የሚቀበል ሰውዬ።

ወደ ፋርማሲስቱ የሄደችው የጉልበት ቅባት ልትገዛ መስላ ነው። አልፈጀባትም። ሰውዬው አንገቱን በባንኮኒው ላይ አስግጎ፣ ነገሩን ሁላችንም ሰምተናል፣ አይዞዎት አላት። ባለፈው ሳምንት ፍሪጁ መጥቶ የእብጠት ቅባት መግዛቱን፣ ያኔ ወዲያው መጠርጠሩን፣ ግን የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ ለማንም አለመናገሩን ነገራት። ወረፋ የሚጠብቁት ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምስጢሩን ከእሷ በፊት የሰሙ ይመስላሉ።

ሰብሳቢዋን ፍለጋ መሄድ አላስፈለጋትም፤ መንገድ ላይ ያዘቻት። ይኸው ቃል የተጻፈበት ሌላ ወረቀት በኮሚቴው የአስተያየት ሳጥን ውስጥም ተገኝቷል። ሰብሳቢዋ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆማ፣ ቃሉን ረግጣ ረግጣ አነበበችላት። ኮሚቴው ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ማምሻውን አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥተው ባልየውን ያነጋግራሉ። ለጊዜው ከቤት ይወጣል፤ እምቢ ካለ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። ከአሮጊቷ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፤ በሰዓቱ በሩን መክፈትና ወንበር ማዘጋጀት።

አሮጊቷ ሴትዮዋን አየቻት። በሰው ገመና ፊቷ በርቷል፤ አሥር ዓመት የሚቀንስ ክሬም የተቀባች ነው የምትመስለው። ንቀቷ እስከ ጥርሷ ድረስ መጣ። ቢሆንም ያን ዕለት ታስፈልጋት ነበርና «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

ወረቀቱ የማን እንደሆነ ያወቀችው ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው። «ግድግዳው ስስ ስለሆነ» የሚል ሰው ከግድግዳው ወዲያ ያለ ሰው መሆን አለበት። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። በሯን ሳታንኳኳ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ ስፒሎች በከንፈሯ ይዛ፣ ወፍራም የመጋረጃ ጨርቅ ትቀምቅማለች።

«ይቺን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ መሰኪያቸው ላይ ሰካች። «እኔ ነኝ እማማ። አላስችል አለኝ። ሰው ሲጮህ እኮ ይሻላል፤ ቢያንስ ይገላግሉታል። እሱ አይጮህም። ጧ ይላል፣ ዝም። ደግሞ ጧ ይላል፣ ዝም።»

«ማነው የማይጮኸው?»

«እሱ ነዋ!» ልብስ ሰፊዋ ግራ ገብቷት አየቻት። «ትመታለች አልኩ እኮ።»

ቃሉ ከአፏ ላልቶ ወጣ። አሮጊቷ በደህናው ጆሮዋ በኩል ነበርና የቆመችው በትክክል ሰማችው። ጠብቆም ላልቶም ወረቀት ላይ አንድ ነው፤ ሰብሳቢዋ መንገድ ላይ ስታነበው «መ»ን እስክትፈነዳ አጥብቃ፣ ልጅቱን ዱላ ተቀባይ አድርጋት ነበር። እሷም ራሷ ጠዋት መስኮቱ ስር እንደዚያው አነበበችው። አሁን «መ» ስትላላ ዱላው እጅ ቀየረ።

«ታዲያ ትመታዋለች ብለሽ አትጽፊም?» አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። «ለአንዲት ዋ ቀለም አለቀብሽ?»

«አፈርኩለት እማማ። ጻፍኳትና ሰረዝኳት። ወንድ ነው፣ ነገ በሰፈሩ እንዴት ያልፋል ብዬ።» ጨርቁን ከመርፌው ስር አወጣች። «ሰብሳቢዋ አጣማ ማንበቧን ስሰማ ሄጄ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። ያን የሚያክል ፍሪጅ በዚያች ቀጭን ልጅ? አለችኝ።»

ማምሻውን መጥታ ይህንኑ ለሁሉም እንድትናገር አሮጊቷ አልጠየቀቻትም፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ሳትጠየቅ መለሰች። የምትሰፋው መጋረጃ የሰብሳቢዋ ነው፤ የእህቷም ሶፋ ልብስ ተራውን እየጠበቀ ነው። ከሰብሳቢዋ ጋር መቀያየም አትችልም። ደግሞም ከእሷ ይልቅ የቤቱን ትልቅ ሰው ያምናሉ።

«እርስዎ ይንገሯቸው» ብላ ስፒሎቿን መልሳ ጎረሰች።

ፈሪ፣ አለች አሮጊቷ በልቧ። የሰውን ጉድ በበር ስር አሹልካ መጋረጃዋ ስር የምትደበቅ ፈሪ። ይህን እያለች ወደ ቤቷ ገባች፤ ከገባች በኋላ ግን ስድቡ ለማን እንደሚበቃ ማወቅ ተሳናት።

ከሰዓት በኋላውን ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ አሳለፈችው። ሽንኩርት ላጠች፣ ላጠችና የምትሠራው ጠፋት። በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሸሚዝ የሚለብሰውን ሰውዬ አሰበች፤ እሷ ደግሞ እንዴት ያለ ገጠሬ ነው ብላ ስትስቅበት ነበር። ቅባት ቅባት መሽተቱን አሰበች፤ እንደ ሴት የሚቀባባ ብላ ነበር። ከዚያም ሳትፈልግ ልጅቱን አሰበቻት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ የጎረቤት ልጅ መትታት እያለቀሰች ትገባለች። አያቷ በር ላይ ያዘቻት፣ አልባበለቻትም። በነጠላ ጫማ ሁለቴ መታቻትና አዞረቻት። «ሂጂ! ተመትቶ እኔ ቤት የሚገባ የለም። መትተሽ ተመለሺ።» ልጅቱ ሄደች። መትታ ተመለሰች። ያን ዕለት ሙሉ ከረሜላ በላች።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ባልየው መጣ። የመሣሪያ ቦርሳውን በግራ እጁ ነው የያዘው። እንደ ልማዱ «እንዴት ዋሉ» ብሎ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠችው። ብርጭቆውንም በግራው ተቀበላት። ቀኙን ጭኑ ላይ አስተኝቶታል፤ ሁለቱ ጣቶቹ አብጠው አይታጠፉም።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው?»

«ኮምፕሬሰር ወደቀበት።»

«ልብስ ሰፊዋ ነግራኛለች» አለችው።

ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጉሮሮውን አንጎራጎረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቷን አያት፤ ዓይኑ ቡናማ መሆኑን ሦስት ዓመት ሙሉ አላየችም ነበር።

«እርስዎ ዛሬ ነው የሰሙት?»

ሻዩን ሞላችለት፣ ሞልቶ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። ማምሻውን ሰዎች እንደሚመጡ፣ ለምን እንደሚመጡም ነገረችው። ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። አልተቆጣም፣ አልደነገጠም፤ ብቻ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። የሚናገርለት ሰው ያገኘ መስሎታል፣ አለች በልቧ፤ ጨነቃትም።

ልጅቱ ከክሊኒክ ስትገባ እንግዶቹም ተከትለዋት ገቡ። ሰብሳቢዋ መሐሉን ወንበር ያዘች። ፋርማሲስቱ በሶፋው ላይ ሰጠመ። ሾፌሩ ወጪ ገቢውን ለመቆጣጠር በር አጠገብ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ የመጡት እንደ ኮሚቴ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ መሆኑን ገልጻ ከቦርሳዋ ቃለ ጉባኤ አወጣች። ስለ ሰላማዊ ትዳር ተናገረች፣ ስለ ሰፈሩ ስም ተናገረች፣ ወንድነት በጡንቻ እንዳልሆነም ተናገረች። ፋርማሲስቱ ንዴት ለደም ግፊት እንደማይበጅ አከለ። ሾፌሩ ደግሞ እሱም በወጣትነቱ ኃይለኛ እንደነበር፣ ፍሬን መያዝ ግን እንደሚያስፈልግ መከረ። ባልየው ጫማውን ያያል። ልጅቱ ነጭ ጋዋኗን እቅፏ ውስጥ አጣጥፋ ይዛ አቀርቅራለች።

«አይዞሽ እህቴ፣ አትፍሪ» አለቻት ሰብሳቢዋ። «ፊት ለፊት ተናገሪ።»

ልጅቱ አለቀሰች። የማስመሰል ለቅሶ አልነበረም፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ነው ያለቀሰችው፤ ተመታሁም አላለች፣ አልተመታሁምም አላለች። እንግዶቹ ተያዩ። ለእነሱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

«እማማ» አለች ሰብሳቢዋ፤ እስክሪብቶዋን ከፈተች። «የቤቱ ትልቅ እርስዎ ነዎት። ያዩትን የሰሙትን አንድ ቃል ይበሉንና እንጨርስ።»

ባልየው ቀና አለ። ሚስቱን አላየም፣ አሮጊቷን አየ። ልጅቱም ከጋዋኗ ውስጥ ቀና ብላ አሮጊቷን አየች፤ በእንባ የራሰ፣ የሰባት ዓመት ፊት። አሮጊቷ አፏን ከፈተች። እነዚህ ሰዎች እውነቱን ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉት ታውቃለች። ነገ ጠዋት ፋርማሲው ባንኮኒ ላይ ይዘረጋል፣ ከሰዓት ክሊኒኩ ይደርሳል፣ ማታ ማንም ክንዱን ለልጅቱ አይዘረጋም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው። ቀጥላ ማሰብ የሚገባትን አላሰበችም።

«ልጄ ናት» አለች።

ሰብሳቢዋ ጻፈችው።

ባልየው ጥቂት ጠበቀ፤ የቀረ ነገር ካለ ብሎ ይመስላል። ከዚያ ተነሳ። ወደ መኝታ ቤት ገብቶ ጃኬቱን ብቻ ይዞ ወጣ። በአንድ እጁ ለማጥለቅ ሲታገል ሁሉም ተቀምጦ ያየዋል፤ ኮሌታው ወደ ውስጥ ታጠፈበት። ልጅቱ ጋዋኗን ጥላ ብድግ አለች፤ ልታቃናለት እጇን ወደ አንገቱ ሰደደች። ሰውዬው በርግጎ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ጀርባው ግድግዳውን እስኪመታ።

«አያችሁ» ብላ አንሾካሾከች ሰብሳቢዋ፣ «ጥፋተኛ እኮ ነው፤ ዓይኗን ማየት እንኳ አቃተው።»

ሾፌሩ ተነስቶ በሩን ከፈተለት። ፋርማሲስቱ እግሮቹን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀለት። ሰውዬው የታጠፈ ኮሌታውን እንደያዘ በሁሉም መሐል አልፎ ወጣ። የልጅቱ እጅ፣ ያ ቀላል ነው የሚባለው እጅ፣ በአየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።