እትዬ ሚዛን መጽሐፍ ሲሸጡ

እትዬ ሚዛን ሠላሳ አንድ ዓመት ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሸጡ በር ያለው ሱቅ ኖሯቸው አያውቅም። መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው፣ ፀሐይ ሲሆን በፀሐይ፣ ዝናብ ሲሆን በላስቲክ ስር ነው የሸጡት። ሚዛን የሚለውን ስም ያወጣላቸው ገበያው ነው። በእጃቸው አንሥተው አንድ ኪሎ ነው ካሉ አንድ ኪሎ ነው። የተጠራጠረ ሰው ወስዶ ያስመዝን ነበር፤ ልክ ሆኖ ሲያገኘው ይቅርታ ልበል ብሎ የተመለሰ ግን አልነበረም። ጉልበታቸው እምቢ ሲል ገበያውን ተዉት። ምላሳቸው ግን ጡረታ አልወጣም፤ ጎረቤት ዘንቢል ይዛ በደጃቸው ስታልፍ ውስጡን ሳያዩ "ተሸውደሻል" ይሏታል።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ልጅ እንበላት እንጂ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሃያውን ዓመት የፈጀችው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው መዝገብ ቤት ነው። ደብዳቤ ይመጣል፤ ማኅተም ትመታበታለች፤ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ፋይል ውስጥ ትከተዋለች። ፈላጊ ሲመጣ አስፈርማ ታወጣለች። ስታስገባና ስታወጣ ፀጉሯ ሸበተ። እትዬ ሚዛን በዚህ ሥራ ይኮራሉ። ልጄ ዝናብ አይነካትም ይላሉ። ከዚያ ያለፈ ስለ ሥራው የሚያውቁት የለም፤ ለማወቅም አልቸኮሉም።

ይህች ልጅ ናት እንግዲህ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ "እማዬ፣ በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ስጪኝ" ያለችው።

"ለምን?"

"መጽሐፍ መሸጫ ልከፍትበት።"

እትዬ ሚዛን የጎረሱትን ዋጡ። "የሚበሰብስ ነገር የሚሸጥ ሰው ይቸኩላል፤ ገዥውም ይቸኩላል። የማይበሰብስ ዕቃ ይዘሽ ማን ላይ ልትጮሂ ነው? ከመጽሐፍሽ ጋር እንደተያያችሁ ነው የምትቀሩት።"

"እየቀለድሽ ነው?"

"መቼ ስቀልድ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?"

ልጅቷ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀት አቀበልኩ። አንድ ሰው ደስ ብሎት ተቀብሎኝ አያውቅም። ወይ ክስ ነው፣ ወይ ዝውውር ነው፣ ወይ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰው ፈልጎ የሚወስደው ወረቀት ማቀበል አማረኝ። ሌላ ምንም አይደለም።"

እትዬ ሚዛን በሌላ በኩል መጡባት። "ደሞዝሽስ?"

"የተጠራቀመ የሠላሳ ቀን ፈቃድ አለኝ። በሠላሳ ቀን ስልሳ መጽሐፍ ከሸጥኩ ሥራዬን እለቃለሁ። ካልሸጥኩ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛም አላነሣብሽም።"

"አንድም ሳይጎድል ስልሳ?"

"አንድም ሳይጎድል።"

እትዬ ሚዛን ተስማሙ። የተስማሙት ስለወደዱት አይደለም። ወሩ እንዳለቀ ልጅቷ አርፋ ወደ መዝገብ ቤቷ እንደምትመለስ ቅንጣት ስላልተጠራጠሩ ነው። በንግዷ ጥልቅ እንዳይሉባት ልጅቷ አስምላቸው ነበርና እሱንም ማሉ።

ክፍሉ ተጠረገ፤ መደርደሪያ ገባ። ልጅቷ በሃያ ዓመት ያጠራቀመችውንና ከአንድ ሱቁን ከዘጋ ሰውዬ በጅምላ ያነሣችውን መጽሐፍ አመጣች፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ከመክፈቷ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ በሯን ዘግታ ውስጥ ሆና ጧ፣ ጧ፣ ጧ ስታደርግ ይሰማ ነበር። እትዬ ሚዛን ምስማር የምትመታ መስሏቸዋል።

ሱቁ ተከፈተ። ሰውም መጣ፤ ሰው አልመጣም አይባልም። ገብቶ፣ አንሥቶ፣ ገልጦ፣ መልሶ አስቀምጦ ይወጣል። በአሥር ቀን የተሸጠው አራት ብቻ ነው። አንዱን የገዛው ዝናብ ያስገባው መንገደኛ ነበር፤ መጽሐፉን ራሱ ላይ ደፍቶ ሄደ።

እትዬ ሚዛን በሩ አጠገብ ተቀምጠው በመሐላቸው ታንቀዋል። ክፉ አሻሻጥ ማየት ለሳቸው ሕመም ነው። ልጃቸው ገዥ ሲገባ "ምን ነበር?" ትላለች፤ ከዚያ እንደ ምሰሶ ትቆማለች። ደግሞ ሊገዛ የጨከነ ሲገኝ ትልቅ መዝገብ ዘርግታ ስም፣ ቀን፣ የመጽሐፉን ቁጥርና ፊርማ ትጠይቃለች። አንዱ ኮት የለበሰ ሰውዬ ፈርም ሲባል መጽሐፉን ቀስ ብሎ አስቀምጦ፣ "መጀመሪያ ከባለቤቴ ጋር ልማከር" ብሎ ወጣ።

ፊርማው መጥፎ ነው፤ ግን ሰው ፊርማው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው የሚሸሸው። እትዬ ሚዛን ፊደል አልቆጠሩም፤ የገዥ እጅ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አይተዋል። ገዥው መጽሐፉን ያነሣል። ጀርባውን ያያል። ፊቱ ፈካ ይላል። የመጀመሪያውን ቅጠል ይገልጣል። እዚህ ላይ ቀጥ ይላል። ግራ ቀኙን አይቶ መጽሐፉን እንደጋለ ብረት ያስቀምጠዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት። አንድ ገዥ ቢሸሽ አመሉ ነው፤ ሁሉም ከሸሸ ዕቃው ላይ አንድ ነገር አለ።

ልጅቷ ለምሳ ወደ ጓዳ ስትገባ አንዱን አንሥተው ገለጡ። ሰማያዊ ክብ ነገር አለ። ሌላ ገለጡ፤ አለ። ሌላም ገለጡ፤ አለ።

በዚያ ሰዓት መደርደሪያው ጥግ ላይ ጡረተኛው መምህር ቆመው ያነቡ ነበር። ጎረቤት ናቸው። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ በየቀኑ መጥተው፣ አንዱን መጽሐፍ ካቆሙበት ጀምረው ያነቡና፣ ሲደክማቸው መልሰውት ይሄዳሉ።

"መምህር፣ እስቲ ይምጡ። ይኼ ክብ ነገር ምንድን ነው?"

"ማኅተም ነው፣ እትዬ።"

"ምን ይላል?"

"ገቢ ሆኗል ይላል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው።"

"የት ነው የገባው?"

"እሱን አይልም።"

"እና እርስዎ አሥር ቀን ቆመው ያነበቡትን የማይገዙት ለዚህ ነው?"

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "እውነቱን ልናገር?"

"ለሱ ነው የጠራሁዎት።"

"ሰፈሩ በሙሉ ልጅዎ ከመሥሪያ ቤቷ እያወጣች የምትሸጠው መስሎታል።"

"ማን ነው እንዲህ ያለው?"

"ማንም አላለም፤ ሁሉም አሰበ እንጂ።"

"አሥር ቀን ሙሉ አንድ የሚነግረን ሰው ይጥፋ?"

"ጨዋ ሰፈር ነው፣ እትዬ።"

ልጅቷ እጇን እየጠረገች ተመለሰች። እትዬ ሚዛን መጽሐፉን እንደተገለጠ አሳዩዋት። "ይኼን ማነው የመታው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

ጥያቄው አልገባትም። እናቷን አየች፤ መምህሩን አየች። "ገባ እኮ፣ እማዬ። የገባ ነገር ካልተመታበት እንዴት መደርደሪያ ላይ ይወጣል?"

መምህሩ መሬት መሬት አዩ። እትዬ ሚዛን ሰፈሩ ያሰበውን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ነገሯት። ልጅቷ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ማኅተሙን ማተሚያ ቤት ሄዳ በገንዘቧ ነበር ያስቀረጸችው።

"ሁሉም ላይ ነው የመታሽው?"

"አንድም አላመለጠኝም" አለች። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት። ከዚያ፣ "አለቀ በቃ" አለች። "ሰኞ እመለሳለሁ። ሰው እንደ ሌባ እያየኝ ሃያ ቀን አልቆምም።"

እንግዲህ እትዬ ሚዛን የፈለጉት ነገር ሳይደክሙ እጃቸው ገባ። ዝም ቢሉ ልጅቷ ሰኞ መዝገብ ቤቷ ናት። ዝም ሊሉም አፋቸውን ገጥመው ነበር። ግን ደህና ዕቃ በሻጭ ስንፍና ሲወድቅ ማየት ሆዳቸው አልቻለም።

"ተነሺ" አሉ። "ጎኑ የተመታ ቲማቲም ምን አደርገው ነበር?"

"እንዳይታይ ትገለብጪው ነበራ።"

"ገልብጬ! እሱን የሚያደርጉት ቀማኞች ናቸው። የተመታውን ወደ ላይ አዙሬ ነበር የምደረድረው። ገዥ ጉዳቱን ራሱ ካገኘው ሌላውም የተበላሸ ይመስለዋል። ቀድመሽ ካሳየሽው ግን የቀረውን ያምንሻል። ያንን መዝገብሽንም ከፊቴ አንሺ። እስር ቤት ነው እንዴ፣ ሰው የሚፈርመው?"

"አልገባም ብለሽ ምለሻል።"

"እግዜር ያውቀኛል፤ ከሱ ጋር እንነጋገራለን።"

በማግሥቱ ጠረጴዛ በሩ ላይ ወጣ። መጽሐፎቹ ማኅተማቸው እንዲታይ ተገልጠው ተደረደሩ። እትዬ ሚዛን ከኋላው ተቀመጡ፤ ለሦስት ዓመት ዝም ያለው የገበያ ድምፃቸው ወጣ።

"አንቺ ቀይ ሻርፕ! ነይ፣ አትፍሪ! ማኅተሙን ነው የምታይው? የሌባ አይደለም፣ የልጄ ነው። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታ እጇ ለምዶባት ነው። እዚህ ቤት ያልተመታብኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ስለማመልጣት ነው።"

ባለ ቀይ ሻርፗ ሳቀች። የሳቀ ሰው ይቆማል፤ የቆመ ሰው ያነሣል። ሁለት ገዛች። ልጅቷ ከኋላ በኀፍረት ጆሮዋ ቀልቶ፣ ግን ቀስ በቀስ አፏ እየተፈታ፣ ይኼኛው ስለ ምን እንደሆነ፣ ያኛው ለምን እንደሚያስለቅስ መናገር ጀመረች። በሃያ ዓመት መዝገብ ቤት ውስጥ ስንቱን ጠረጴዛ ስር ደብቃ እንዳነበበች እትዬ ሚዛን ያን ቀን ነው ያወቁት። መምህሩም መጡ።

"ግማሹን አንብቤዋለሁ፤ የቀረውን ግማሽ ብቻ ነው የምገዛው" አሉ።

"ግማሹን ሲያነቡ ወለሌን ጨርሰውታል፤ እሱን አልቆጠርኩብዎትም።"

ሙሉውን ገዙ።

ሠላሳኛው ቀን ዓርብ ላይ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሃምሳ ስምንት ደርሶ ቆመ። ልጅቷ ትከሻዋ እየወደቀ፣ ዓይኗ ከመንገዱ ሳይነቀል ቆማለች። በዚህ መሐል አንድ ክራባት ያሰረ፣ ፊቱን ላብ ያጠመቀው ሰው ገባ። የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ ነው።

"አንቺ፣ ጠፋን እኮ!" አለ ሰላምታ ሳይሰጥ። "አንድ ፋይል እናገኝ ብለን አራት ሰው ገብቶ ሦስት ቀን ሆነው። ሁለቱ ወጥተዋል።"

"ቢጫው መደርደሪያ፣ ከታች ሁለተኛው" አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ።

"ለሁሉ ነገር እየመጣሁ ልጠይቅሽ? ስሚ፣ ከላይ ተነጋግሬያለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ትሆኛለሽ። ፎቅ ላይ፣ መስኮት ያለው ክፍል ይሰጥሻል። ሰኞ ግቢ።"

ሃያ ዓመት የጠየቀችው መስኮት ነው። ኃላፊው እስክትመልስ አንድ መጽሐፍ አንሥቶ ገለጠ። ማኅተሙን አየ። ፊቱ በራ።

"ይኼ ነው ሥራ! ቁጥርም አለው!" አለ። "አየሽ፣ አንቺን የመሰለ ሠራተኛ ከየት ይመጣል?"

"ትገዛዋለህ ወይስ ታደንቀዋለህ?" አሉ እትዬ ሚዛን።

ገዛው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ብሎ ሄደ። ሃምሳ ዘጠኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው የለም። መንገዱ ጭር ሲል ልጅቷ ጠረጴዛውን አስገባች፤ በሩን ዘጋች፤ ቦርሳዋን አንሥታ ያለ ምክንያት ከፈተችው፣ ዘጋችው።

"ስልሳ ነው የተባባልነው" አለች። "አንድ ጎደለ። ሰኞ እገባለሁ። ደግሞ መስኮት አለው።"

እትዬ ሚዛን ቀና ብለው አዩዋት። ልጃቸው አላለቀሰችም፤ ድሮም አታለቅስም። ግን ደብዳቤ ስታስፈርም የኖረችበት ፊቷ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሃያ ቀን ሙሉ ያ ፊት እንዳልነበረ እትዬ ሚዛን ያስተዋሉት አሁን ሲያዩት ነው።

"ጨምሬልሻለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"አንዷን። ምራቂ ናት።"

ልጅቷ ቦርሳውን እንደያዘች ቀረች። እናቷ በሠላሳ አንድ ዓመት ንግድ ለማንም፣ ለገዛ እህታቸው እንኳን፣ አንዲት ራስ ሽንኩርት መርቀው አያውቁም።

"እማዬ..."

"አታስለፍልፊኝ። ስልሳ ሞላ ብያለሁ። የማይስማማሽ ከሆነ ክሰሺኝ፣ ፋይል ክፈቺብኝ።"

ሰኞ ልጅቷ መልቀቂያዋን ይዛ ሄደች። እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ ፊቷ ደህና ነበር፤ ወሬው ግን ግማሽ ነው። መልቀቂያውን ተቀብለዋታል። ሃያ ዓመት ያስገባችውን ለተተኪዋ ካላስረከበች ግን መሄድ የለም ብለዋታል። ርክክቡ ሦስት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ጠዋት ጠዋት እየሄደች ፋይል ትቆጥራለች።

"ጠዋት ሱቁን ማን ይከፍታል?" አሉ እትዬ ሚዛን።

ልጅቷ አየቻቸው።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ሚዛን ነጠላቸውን አስተካክለው በሩን ከፈቱ። መጀመሪያ የገባችው ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ናት፤ ወደ ሥራ እየሄደች ነበር።

"ጥሩ ልብ ወለድ ፈልጌ ነበር፣ እናቴ። እርስዎ የቱን ወደዱት?"

"አንዱንም አላነበብኩም።"

"አንዱንም?"

"ማንበብ አልችልም። ስለዚህ ለአንዱም አላዳላም።"

ወጣቷ ሊስቁ ነው ብላ ጠበቀች፤ አልሳቁም። "እና እንዴት ነው የሚሸጡት?"

"የመጀመሪያውን ገጽ ታነቢልኛለሽ። ጥሩ ከሆነ እሸጥልሻለሁ።"

"ጥሩ ካልሆነስ?"

"ሌላ ታነቢያለሽ።"

የመጀመሪያውን አነበበች። እትዬ ሚዛን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ወሬ ያበዛል፣ መልሺው" አሉ። ሁለተኛው ስለ አየሩ ሁኔታ ብቻ ስለነበር ገና ሳይጋመስ አስቆሟት። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድሙ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ይግባ አይግባ እያለ ገጹ አለቀ።

"ይኼ ጥሩ ነው" አለች ወጣቷ። "ስንት ነው?"

"ይቺን አልሸጥም።"

"ለምን?"

"ሰውዬው ደጅ ቆሞ ቀረ እኮ! አስገቢውና ትወስጂዋለሽ።"

ወጣቷ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ገጹን ገለበጠች።