ማሳምባ ያስተማራት ከበሮ

ማሳምባ ከበሮ መምታት የማይችል የከበሮ መሪ ነበር። በሩፊስክ ከተማ ይህን የማያውቀው ሰው ቢኖር ራሱ ማሳምባ ነው። አባቱ ሲሞት የቤተሰቡ የከበሮ ቡድን እንደ ቤቱና እንደ በጎቹ በውርስ እጁ ገባ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጫማውን አድርጎ፣ ጥቁር መነጽሩን ዳስ ውስጥ እንኳ ሳያወልቅ፣ በየሰርጉና በየስም ማውጫው ድግስ ፊት ለፊት ይቀመጣል።

ችግሩ መቸኮሉ ነው። ሳባር በሚባለው የከበሮና የጭፈራ ጨዋታ ጨፋሪዋ ትዘላለች፤ እግሯ መሬት ሲነካ መሪው ከበሮ አብሯት ማረፍ አለበት። ማሳምባ ግን ቀድሟት ያርፋል። ሴትየዋ ገና አየር ላይ ሳለች እሱ ጨርሶ ጥርሱን ያሳያል። ከዚያም ሴትየዋን አጉል ዘገየሽ በሚል ዓይን ያያታል።

የአጎቱ ልጅ ንጎኔ ይህን ስታይ ነው ያደገችው። ገበያ ውስጥ ጸጉር የምትሠራ፣ ሠላሳን ያለፈች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። በልጅነቷ አንድ ጊዜ አስተምረኝ ብላው ነበር። ሴት ልጅ ታጨብጭብ፣ ትጨፍር፣ የከበሮ መምቻ ዱላ ይዛ የምትቀመጥ ሴትማ ባል አጥታ የተናደደች ነው የምትመስለው ብሎ መለሰላት፤ ወንድሞቿም አብረውት ሳቁ። ወንድሞቿ ከበሮው በእጃቸው ተሰጥቷቸው እንኳ መማር የታከታቸው ሰዎች ናቸው። ንጎኔ ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም አልለመነችም።

ከማድ ቤቱ መስኮት ሆና ራሷ ተማረች። ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ሲለማመዱ በተገለበጠ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ትከተላቸዋለች። እነሱ ዱላውን በቀኝ ይዘው በግራ መዳፋቸው ይመታሉ፤ እሷ ግን ፊት ለፊት እያየች ስለቀዳች ዱላው በግራ እጇ ገባ። ስህተቷን ስታውቅ ጊዜው አልፎ፣ ግራ እጇ ሥራውን ለምዶ ነበር። ተወችው። በኋላ ወንድሟ የጣለውን የተሰነጠቀ ከበሮ በሽቦ አስራ ልብስ ወደሚሰጣበት ጠፍጣፋ ጣሪያ አወጣችው። አንደኛው ድምፅ ለወራት እምቢ አላት። ቆዳውን በመዳፍ አፍኖ በዱላ ሲመቱት ደረቅ ሆኖ መጮህ ሲገባው፣ የእሷ እንደ ረጠበ ካርቶን ይላል። አንድ ከሰዓት መዳፏን ሙሉ ሳታሳርፍ በጫፉ ብቻ ብትጫነው ድምፁ ቷ ብሎ ወጣ። የምትነግረው ሰው ስላልነበረ ጎረቤት እስኪራገም ድረስ ደጋገመችው።

አንዲት ዓሣ ነጋዴ ለልጅ ልጇ ስም ባወጣች ዕለት መሀል ጨዋታ ላይ የማሳምባ ስልክ ጮኸ። ከበሮውን ትቶ እየሳቀ ከዳሱ ጀርባ ሄደ። አጃቢዎቹ መሪ አጥተው አንዱን ምት ይደጋግማሉ። የሕፃኑ አክስት፣ ግዙፏ አጃ ሶክና፣ ልትጨፍር ሽርጧን ሰብስባ ክቡ መሀል ገብታ ነበርና ተገትራ ቀረች። ያኔ ንጎኔ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መሪው ከበሮ ላይ ተቀመጠች። የሚያስደንቅ ነገር አልሠራችም፤ አንዱን መግቢያ እንዲያውም ስታለች። ነገር ግን አጃ ሶክና ስትዘል ከበሮው ጠበቃት፣ ስታርፍም አብሯት አረፈ። ሴትየዋ ደንግጣ ዞር ብላ አየቻትና እንደገና ዘለለች።

ማሳምባ ሲመለስ ንጎኔ ቁጣውን ጠበቀች። ያደረገው ግን ከቁጣ የባሰ ነበር። ማይክሮፎኑን አንስቶ፣ ይህቺ የእኔ ሥራ ናት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በእነዚህ እጆቼ ነው ያስተማርኳት አለ። ሕዝቡም አጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ ይህንኑ በጸጉር ቆራጩ ቤት፣ በዓሣ ገበያው፣ በመስጊዱ ደጅ ሳይቀር አወራው። ንጎኔ ለእናቷ ለጆጆ ብትነግራት፣ እናቷ ዝም በይ፣ የእሱ ስም የሁላችንም ስም ነው አለቻት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ሳባር ነበር። የሌሎች ቤተሰቦች ከበሮ መቺዎችና ከበሮ ጠራቢው አዛውንት ፓ ዋጋን ተቀምጠዋል። ማሳምባ «ተማሪዬን ስሙልኝ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

ንጎኔ ተቀመጠች። ዱላውን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ አዛወረችው። ከዚያ ማሳምባን ተጫወተች። ትከሻውን እንደሚሰብቀው ሰበቀች፣ እንደሚሮጠው ሮጠች፣ ጨፋሪዋ አየር ላይ ሳለች ጨርሳ ጥርሷን አሳየች። መሀል ላይ በመዳፏ ብቻ እየመታች ስልኳን አውጥታ አየች። ሁለተኛዋ ጨፋሪ ነገሩ ገብቷት ሆን ብላ ዘግይታ አረፈች። ፓ ዋጋን ጉልበታቸውን ይዘው በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ማሳምባ ብድግ አለ። «አያችሁ? ቁርጥ እኔን!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ለሳቁ እጅ ነሳ።

እውነቱን የነገረችው ሚስቱ ናት፣ ሰኞ ዕለት። ያለ መነጽሩ ንጎኔ የምትሠራበት ድረስ መጣ። ዓይኖቹ ትንንሽ ነበሩ፣ ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ይመስላል።

«አዋረድሽኝ» አላት።

«ምን አጠፋሁ? ያስተማርከኝን ተጫወትኩ።»

«እኔ መቼ አስተማርኩሽ?»

«እሱን በማይክሮፎን ንገራቸው።»

ጸጉሯን እየተሠራች የነበረችው ደንበኛ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ማሳምባ አልነገራቸውም፤ ተማሪዬ ማለቱን ግን ተወ። ዛሬም መሪ ነው፣ ዛሬም ይቸኩላል። ሴቶቹ ግን ለራሳቸው ግብዣ ንጎኔን መጥራት ጀመሩ።

እሷ ግን ድሉን አላጣጣመችውም። ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ ዱላውን ወደ ግራ እጇ መልሳ ስትጫወት፣ መዝለያው ሲደርስ እጇ በራሱ ይሮጣል። ልትሳለቅበት ያነሳችው ነገር ተጣብቆባት ቀረ። ከሰው ሁሉ የማሳምባ በሽታ ይያዘኝ? ብላ ተናደደች፤ ዱላውንም ወረወረችው፣ መልሳም አነሳችው። ለሳምንታት ያንኑ አንድ ቦታ ፍጥነቷን እየቀነሰች፣ እየጠበቀች ደጋገመችው።

አንድ ቀን እናቷ የደረቀ ልብስ ልትሰበስብ ወጣች። ከበሮ መቺዎች ቤት ተወልዳ ስለ ከበሮ አንድ ቃል ተናግራ የማታውቀው ጆጆ፣ አንሶላ ክንዷ ላይ እያጠፈች ጥቂት አዳመጠች።

«አሁንም ትቸኩያለሽ» አለቻትና ልብሱን ይዛ ወረደች።