መቀናጆዎቹ

ሰው ቀስ እያለ የሚያልቅበት አገር አይታችሁ እንደሆነ እንጃ። ጦርነት አልመጣ፣ በሽታ አልገባ፤ ዝም ብሎ ያልቃል። መጀመሪያ ጎረምሶቹ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ሄዱ። ለአባት ያልበቃ መሬት ለልጅ ከየት ይበቃል! ከዚያ ሚስቶቻቸው ተከተሉ። ተማሪ ሲጠፋ አስተማሪው ጓዙን ጠቀለለ፤ ትምህርት ቤቱም የጭድ ማስቀመጫ ሆነ። አሁን በመንደሩ የቀሩት ሽማግሌዎች፣ የተቆለፉ በሮችና በረንዳ ላይ የሚያዛጉ ውሾች ናቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ዝምታ ነው። የእናት የአባት ስሙ ሌላ ነው፤ ግን አፉን ከሚከፍት ድንጋይ ቢፈነቅል ይመርጣልና ይኸው ወጣለት። አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤቱ ደግሞ ወፍጮዋ ትባላለች። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ የመንደሩ ወፍጮ ቤት ቢዘጋም እሷ አልተዘጋችም። እሱ ሚስቱን፣ እሷ ባሏን ከቀበሩ ቆይቷል።

እሱ ያለው አንድ በሬ ነው። እሷም ያላት አንድ በሬ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ ባሏ ከሞተ ጀምሮ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ አንዴ የእሱን ማሳ፣ አንዴ የእሷን ያርሳሉ። እሱ እርፍ ይጨብጣል፣ እሷ ከኋላው ትዘራለች። እሷ የአገሩን ወሬ ታወርደዋለች፣ እሱ «እህ» ይላል። ሁለቱም በዚህ ቅር ብሏቸው አያውቅም።

አንድ ቀን ከተማ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራው የወፍጮዋ ልጅ መጣች። «እማዬ፣ ብቻሽን ሞተሽ ሳምንት ቆይቶ ልትገኚ ነው? እሁድ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ በሬውም ይሸጥ» ብላ ቁርጡን ነግራት ተመለሰች።

ወፍጮዋ ወዲያው አጥሩ ጋ ቀረበች። «አያ፣ ልጅቷ አልለቅሽም ብላኛለች። አንተስ ምን ትላለህ?»

አያ ዝምታ ሆድ ባሰው። «አትሂጂ» ሊላት ፈለገ። አትሂጂ ቢላትስ? በሬዬን ፈልጎ ነው ትለዋለች። እውነትም ያለ እሷ በሬ ማሳው ጦም ማደሩ ነው። ወይ ጉድ! ሰው ሰውን ለራሱ ለሰውየው ሲፈልገው በሬ መሃል ገብቶ እንዲህ ያሳፍር?

«ሂጂ እንጂ» አላት መሬት መሬት እያየ። «ለእኔ አታስቢ። ከታችኛው መንደር አናጢ ጋር ተነጋግረናል፤ ከእሱ በሬ ጋር አቀናጃለሁ።»

ወፍጮዋ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ይህ እሷ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

ምስኪን! ውሸት ያልለመደ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው። አናጢው እኮ በሬውን ለሥጋ ነጋዴ ሸጦ ልጆቹ ዘንድ ከገባ ሰነባብቷል። ዕቃውን ስታስጭን የዋለችው እሷ ራሷ ናት። ያን ሰሞን እርሻ ላይ ከነዝርዝሩ ነግራዋለች፤ እሱም «እህ» ብሏታል።

እሁድ መኪናው መጣ። ሳጥኗ፣ ፍራሿ፣ ድስቶቿ ተጫኑ። ልጅቷ ገመድ ስታጠብቅ እናቲቱ በሬዋን እየሳበች አያ ዝምታ ደጃፍ ደረሰች።

«አልተሸጠም እንዴ?» አላት ደንግጦ።

«አልሸጥኩትም። ያንተ ነው፣ ተቀበለኝ።»

«ነገርኩሽ እኮ፣ አናጢው...»

«አናጢው ከሄደ ስንት ጊዜው! እኔው ነግሬህ ነበር፤ የት ሆነህ ልትሰማኝ!» ገመዱን እጁ ላይ አኖረችው። «ይኸው፣ ጥንድ በሬ አለህ። ከእንግዲህ ከእኔ የሚፈለግ ንብረት የለም። የምትለኝ ካለ አሁን በለኝ።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አያ ዝምታ በሬውን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ።

«አትሂጂ» አለ። አንዴ ከተከፈተ ወዲያ አፉ አልዘጋ አለው። «ስታወሪ ቃሉ ያመልጠኛል፣ አልዋሽሽም። ድምፅሽን ግን እሰማለሁ። እሱ ከኋላዬ ከሌለ ጥንድ በሬ ቀርቶ መንጋ ቢሰጡኝ አላርስም። ወድጄሽ ነው የምልሽ፣ አትሂጂ።»

ወፍጮዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ዞር ብላ ልጇን ተጣራች፦

«ልጄ፣ ዘሩን ዘርተን እመጣለሁ።»

«ከዘራችሁ በኋላ ትመጫለሽ?»

«ከተዘራማ ማን ያርመዋል?»

«ከታረመስ በኋላ?»

«አንቺ ደግሞ! ማን ያጭደዋል?»

ልጅቷ ሁለቱን ሽማግሌዎች ትንሽ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣችና የእናቷን ፍራሽ ማውረድ ጀመረች።